ብሎክባስተር ጌም የምንለው የትኛውን ነው? ከአክስቴ ልጅ ጋር አልተስማማንም

የካዛንቺስ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ከአክስቴ ልጅ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ተከራክረን መግባባት ስላቃተን ነው። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። በጌም እውቀት ከኔ ይበልጣል። የተከራከርንበት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ሲልክሶንግ የሚባለው ጌም ብሎክባስተር ነው ወይስ አይደለም?

እሱ "በጭራሽ" ይላል። ዋናዎቹ ሠሪዎች ሦስት ሰዎች ናቸው። ዋጋው 20 ዶላር ነው። በእጅ የተሳሉ ነፍሳት ወዲያና ወዲህ የሚዘሉበት ጌም ነው። ለሱ ብሎክባስተር ማለት ጂቲኤ ነው፣ ኮል ኦፍ ዱቲ ነው። መንገድ የሞላ ማስታወቂያ፣ ፊልም የሚመስል ግራፊክስ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ።

እኔ ደግሞ ነው እላለሁ። ምክንያቴም አንድ ቀን ነው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025። (ካላልኩ በቀር ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ጌሙን የሠራው ቲም ቼሪ የሚባል የአውስትራሊያ ስቱዲዮ ነው፤ አዴሌድ ከተማ ውስጥ። በ2019 መጀመሪያ ላይ አስተዋወቁት። ከዚያ ዓመታት አለፉ። የመልቀቂያውን ቀን የነገሩን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀኑ ደርሶ ጌሙ ሲለቀቅ ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር) ተጨናንቆ ቆመ። የኒንቴንዶና የፕሌይስቴሽን መደብሮችም እንዲሁ። እዚህ ዱባይ ከሥራ ገብቼ "ግዛ" የሚለውን ስጫን ነው ያመሸሁት። በዚያው ቀን በስቲም ብቻ ከ500 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ይጫወት ነበር።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የሲልክሶንግ ቀን እንደታወቀ ሌሎች ስቱዲዮዎች የራሳቸውን ቀን ማንሳት ጀመሩ። ዲሞንስኩል ተዛወረ። ቤቢ ስቴፕስ ተዛወረ። ሌሎችም አሉ። ዓመታት የለፉበትን ጌም ይዘው ከመንገዱ ገለል አሉ።

ብሎክባስተር የሚለው ቃል ከጦርነት የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ሰፈር በሙሉ ያፈርሳል ለተባለ ትልቅ የአውሮፕላን ቦምብ የወጣ ስም ነው። ፊልም ነጋዴዎች ወሰዱት፣ ኋላ ወደ ጌም ተሻገረ። ቃሉን ልብ ብለን ካየነው ስለ ቦምቡ ዋጋ ምንም አይልም። የሚናገረው ስለወደቀበት ሰፈር ነው። ስለዚህ የኔ መለኪያ ይኸው፦ አንድ ጌም ሊወጣ ሲል ሌሎች ቀን ቀይረው የሚሸሹት ከሆነ ብሎክባስተር ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የአክስቴ ልጅም ያነበዋል።

ባለ_ፒሲ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል። እኔ ግን ከልጁ ጋር ነኝ። ብሎክባስተር የገንዘብ ጉዳይ ነው። ኢንዱስትሪው ራሱ "ትሪፕል ኤ" የሚል ስም ያወጣው ለዚህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተለመደ አባባል ነው። ትልቅ ወጪ የወጣበት፣ ትልቅ አሳታሚ ከኋላው ያለ፣ ትልቅ ሽያጭ የሚጠበቅበት ማለት ነው።

ቁጥር ልስጥህ። በ2023 ማይክሮሶፍት የኮል ኦፍ ዱቲን አሳታሚ አክቲቪዥንን ለመግዛት ሲነሳ የአሜሪካ መንግሥት ተቃውሞ ፍርድ ቤት ሄደ። በዚያ ክርክር የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ያስገባው ሰነድ ምስጢሩ በጥቁር ማርከር ተሰርዞ ነበር። ስካን ሲደረግ ግን ከማርከሩ ሥር ያለው ቁጥር ይነበባል። ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት 220 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ሥራው በጦፈበት ጊዜ 200 ገደማ ሰው ነበረበት። ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት 212 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ እሱ ላይ 300 ገደማ ሰው ሠርቷል። ከዚያ በኋላ የኮል ኦፍ ዱቲም ሒሳብ በሌላ የፍርድ ቤት ወረቀት ወጣ። ብላክ ኦፕስ ኮልድ ዋር በዕድሜው ሁሉ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል።

ይህን ያህል ብር ሲፈስ ጌሙ የሚሠራበት መንገድ ራሱ ይለወጣል። አዲስ ነገር መሞከር ያስፈራል። ያለፈው ጌም ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት እየተባለ ይቀጥላል። ሁሉም ሰው እንዲገዛው ስለሚፈለግ ማንንም እንዳያስቀይም ተደርጎ ይሠራል። ለኔ ብሎክባስተር የሚባለው ይህ ዓይነቱ አሠራር ነው። ሦስት ሰዎች የፈለጉትን ያህል ዓመት ወስደው፣ የፈለጉትን ጌም፣ በፈለጉት ዋጋ ከለቀቁ ነፃ ናቸው። ብሎክባስተር ነፃ አይደለም።

ሚኪ_ሃያ_ሁለት

ኮንኮርድ የሚባለውን ጌምስ ምን እናድርገው? ስምንት ዓመት ገደማ ተሠራ። ሶኒ ከኋላው ነበር። ኦገስት 23 ቀን 2024 ወጣ። ሴፕቴምበር 6 ተዘጋ፣ ለገዢው ሁሉ ገንዘቡ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት! ብሩማ ነበር። ማን ሸሸው? የትኛው ሰፈር ፈረሰ?

ባለ_ፒሲ

የከሰረ ብሎክባስተር ነው። ድንኳን ተጥሎ፣ በሬ ታርዶ፣ እንግዳ ቢቀር ሠርግ መሆኑ አይቀርም።

የካዛንቺስ_ልጅ

የሠርጉ ምሳሌ ከባድ ነው፤ ሳስብበት ዋልኩ። ግን እንግዳ ያልመጣበትን ድግስ ማን "ትልቅ ሠርግ" ይለዋል? ደጋሹ ብቻ ነው።

ሰላም_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ሁለታችሁም ያላነሳችሁትን ላንሳ። በ2013 ኮሌጅ እያለሁ እዚህ ሜሪላንድ አንድ የጌም መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ጂቲኤ 5 የወጣ ቀን ፈረቃዬ ነበር። ሴፕቴምበር 17። በእኛ መስከረም 7 ቀን 2006 መሆኑን የማስታውሰው የዘመን መለወጫው ዳቦ ገና ቤት ስለነበረ ነው።

የምንከፍተው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሰልፉ ሕንጻውን ዞሮ ነበር። ለሌላ ጌምም ሰልፍ አይቻለሁ። በሌላው ጊዜ የሚሰለፉት ግን የማውቃቸው ልጆች ናቸው። ያን ቀን የተሰለፉት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። የሆስፒታል ልብሷን ያላወለቀች ነርስ ነበረች። ታክሲውን ጥግ አቁሞ የመጣ ሐበሻ ሹፌር ነበር። አማርኛ ስናገር ሰምቶ "እህቴ፣ ልጄ ይህን ግዛልኝ ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ" ብሎ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ጌሙ ለአዋቂ የተፈቀደ መሆኑን ለወላጅ እንነግራለን፤ ለሱም ነገርኩት። ትንሽ አሰበ። "ልጁ 20 ዓመቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው" አለኝና ገዛ።

በቀጣዩ እሑድ ቤተክርስቲያን ግቢ እናቶች ቡና ላይ ስለዚያ ጌም ያወሩ ነበር። ስሙን በትክክል አይጠሩትም። ግን ያውቁታል። ዜና ላይ ሰምተዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 800 ሚሊዮን ዶላር፣ በሦስት ቀን አንድ ቢሊዮን ዶላር እንደሸጠ።

ስለዚህ የኔ መለኪያ ከካዛንቺስ ልጅም ከባለ ፒሲም ይለያል። ብሎክባስተር ማለት ጌም የማይጫወት ሰው ስሙን የሚያውቀው ነው። ሲልክሶንግን እናቴ አታውቀውም። ሲልክሶንግ የጌመሮች ትልቅ በዓል ነው። ጂቲኤ 5 ግን የሁሉም ሰው ወሬ ነበር።

የካዛንቺስ_ልጅ

እህቴ፣ ታክሲ ሹፌሩ ልቤን ነካኝ። ይህን እቀበላለሁ። ግን ከመለኪያዬ ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም። ያ ሁሉ ሰው የሚመጣበትን ቀን አይቶ ነው ሌላው የሚሸሸው።

ጌም_ቤት_አዳማ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። እኔ አዳማ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ከሥራው ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ስለ መልቀቂያ ቀን የምታወሩትን በጉጉት ነው ያነበብኩት፤ ምክንያቱም እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቀን የለም።

ጂቲኤ 5 እኔ ቤት የገባው ከወጣ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ልጆቹ አብደው ነበር። እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ አወጣሁት። ለምን? የኔ ቤት ሒሳብ በጨዋታ ነው። ኳስ ሁለት ልጅ ይጫወታል፣ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተሸናፊ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይገባል። አግዳሚው ላይ ስምንት ልጅ ተራ ይጠብቃል። እነሱም እየተሟገቱ፣ እየጮሁ፣ ለስላሳ እየጠጡ ነው የሚጠብቁት። ጂቲኤ ግን አያልቅም። አንድ ልጅ ጆይስቲኩን ከያዘ አይለቅም። ሌላው ቆሞ ያያል፣ ይሰለቸዋል፣ ይሄዳል። ሰዓት ቆጥሬ ላስከፍል ብል ደግሞ ልጁ መሐል ላይ "ይህችን ብቻ ልጨርስ" ይለኛል። አልጨክንበትም።

እኔ ቤት ብሎክባስተር ማለት ፒኢኤስ የሚባለው የኮናሚ የኳስ ጌም ነበር። በዓለም ላይ ፊፋ በሽያጭ ሲበልጠው እንኳ እኔ ቤት ፒኢኤስ ነው የሚነግሠው። ኮናሚ በ2021 ስሙን ኢፉትቦል ብሎ ቀይሮ በነፃ ሲለቅ ልጆቹ አንድ ቀን ሞክረው ወደ ድሮው ተመለሱ። የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤ ከኳስ ማኅበሩ ከፊፋ ተለያይቶ በ2023 ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሚለውን ሲያወጣም ከኔ ደንበኞች ስሙ መቀየሩን ያወቀ ጥቂት ነው። አሁንም "ፊፋ" ነው የሚሉት።

የምለው ይህን ነው። ትልቅነት የሚለካው ጌሙ በሚጫወቱበት ቦታ ነው። ቤትህ ሶፋ ላይ ብቻህን ከሆንክ አንድ ነገር ትልቅ ይሆናል። አሥር ሰው ባለበት ክፍል ሌላ ነገር ትልቅ ይሆናል።

ሚኪ_ሃያ_ሁለት

ጌታዬ፣ ይህ የዚህ ውይይት ምርጡ ጽሑፍ ነው። እኔም ከዚህ ከአዲስ አበባ ልጨምር። እኛ ጋ የመልቀቂያ ቀን አለ። የፈረንጁ ቀን ግን አይደለም። አብዛኞቻችን ዓለም አቀፍ ካርድ የለንም፤ ስቲም ላይ ለመግዛት ውጭ ያለ ዘመድ መለመን አለብን። ባልደርስ ጌት 3 የሚባለው ጌም 150 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። ያንን በሞባይል ዳታ ማውረድ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሃርድ ዲስካችንን ይዘን የሚጭን ሱቅ እንሄዳለን። በጎ ልማድ አይደለም፣ ለሠሪው ምንም አይደርሰውም። ግን እውነታው ይህ ነው።

ያ ሱቅ ትልቅ ጌም ሲመጣ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይለጥፋል። "ጂቲኤ 5 ገብቷል።" "ሳይበርፓንክ ገብቷል።" ሱቁ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጌም አለ፤ ወረቀት የሚለጠፍለት ግን በዓመት ሁለት ወይ ሦስት ነው። ባለሱቁ የስቱዲዮውን በጀት አያውቅም። ልጆቹ "ገባ ወይ?" እያሉ ስንት ጊዜ እንደጠየቁት ነው የሚያውቀው። ለሲልክሶንግ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ድምፄ ለካዛንቺስ ልጅ ነው።

አታሪ_82

ልጆች፣ እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ የምበልጥ ይመስለኛል። ሎስ አንጀለስ የገባሁት በ1981 ነው፣ የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ። እንግሊዝኛዬ ሳይስተካከል አታሪ በሚባለው ኩባንያ የጌም ማሽን መጫወት ጀመርኩ። ጌም ቋንቋ አይጠይቅም ነበር።

ብር ነው፣ ቀን ነው ስትባባሉ የ1982ቱ ገና ትዝ አለኝ። በዚያ ዓመት ኢ.ቲ. የተባለው ፊልም አገሩን አዳርሶ ነበር። አታሪ የፊልሙን መብት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ችግሩ ስምምነቱ ያለቀው በጁላይ መጨረሻ ነው። ጌሙ ለገና ገበያ መድረስ አለበት። ሥራው ለአንድ ሰው ተሰጠ፣ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ለሚባል። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። አምስት ሳምንት!

ጌሙ ገና ላይ ደረሰ። ማስታወቂያው በየቴሌቪዥኑ ነበር። እኔም የቅዳሜ ሥራ ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ይዤ ገዛሁት። ከፈትኩት። ያ ትንሽ ፍጡር እየሄደ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ከጉድጓዱ ይወጣል። ተመልሶ ይወድቃል። ታናሽ ወንድሜ "እኔ ላይ ነው ችግሩ?" ብሎ ሲጠይቀኝ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ልጁ መጫወት ያልቻለው ራሱ መስሎት ነበር።

በ1983 አታሪ ያልተሸጡ ካሴቶችን በመኪና ጭኖ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረ። ብዙ ሰው ተረት ነው ይል ነበር። በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። ኢ.ቲ.ም ከሌሎች ጌሞች ጋር እዚያ ነበር።

ያ ጌም ብሎክባስተር ነበር ወይስ አልነበረም? ብር ነበረው። ቀን ነበረው። የማይጫወት ሰውም ያውቀው ነበር። ሦስታችሁም ያላችሁትን ያሟላል። ያልነበረው ጌሙ ነው። ስለዚህ ብሎክባስተር የሚባለው ነገር ሳጥኑ ሳይከፈት ያለቀ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከፍተን የምናገኘው ሌላ ነገር ነው።

ሰላም_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልን። የወንድምዎ ጥያቄ አሳዘነኝ። እርስዎ ያሉትን ሳነብ የሱቁ መጋዘን ትዝ አለኝ። እኛም ጌሙን አንድም ሰው ሳይጫወተው ነበር በካርቶን ደርድረን "የዓመቱ ጌም" የሚል ፖስተር የምንለጥፈው።

ትዕግስት_በርሊን

ጋሼ፣ "ሳጥኑ ሳይከፈት ያለቀ ጉዳይ" ያሉት እኔ ከውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ሙያዬ ጌም መፈተሽ ነው። ማለትም ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ቀኑን ሙሉ እየተጫወትኩ የተበላሸውን እመዘግባለሁ። ግድግዳ ውስጥ የሚሰምጥ ሰው፣ የማይከፈት በር፣ መሐል ላይ የሚቆም ጌም።

ስለምሠራበት ቤት አልናገርም። ስለ ሥራው ግን ልንገራችሁ። በትልቅ ጌም ላይ ቀኑ አለቃ ነው። ማስታወቂያው ተገዝቷል። ዲስኩ የሚታተምበት ፋብሪካ ተይዟል። ኩባንያው ለባለአክሲዮኖቹ በዚህ ሩብ ዓመት ይወጣል ብሏል። እኛ አንድ ከባድ ብልሽት መዝግበን እንልካለን። "ታውቋል፣ ከወጣ በኋላ ይስተካከላል" የሚል መልስ ይመጣል። ቀኑ ሲቃረብ ይህ መልስ ይበዛል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት በሳምንት ስድስት ቀን ሠርቼ አውቃለሁ። ያገኘሁትን ስህተት ሳይስተካከል ወጥቶ ዩቲዩብ ላይ ሰው ሲስቅበት ማየት ያማል። አይተነዋል እኮ! ጽፈነዋል!

ሳይበርፓንክ 2077ን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ሥራ ነው፣ ፖላንድ። ለኤፕሪል 2020 ነበር የተባለው። ለሴፕቴምበር ተዛወረ። ለኖቬምበር ተዛወረ። በመጨረሻ ዲሴምበር 10 ላይ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ብቻ 8 ሚሊዮን ኮፒ ታዞ ነበር። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን ለመጫወት የማይመች ነበር። በስምንተኛው ቀን ሶኒ ከመደብሩ አወረደው። ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። እንዲያም ሆኖ እስከ ዲሴምበር 20 ድረስ ከ13 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጦ ነበር። ከመደብር የወረደ ጌም!

ከዚያ ስቱዲዮው ሦስት ዓመት ሙሉ አስተካከለው። ዛሬ ጥሩ ጌም ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ዛሬ ሲሸጥ ብሎክባስተር ብሎ የሚጠራው የለም። ብሎክባስተር የነበረው ያኔ ነው፣ ሲሰበር። ስለዚህ ከካዛንቺስ ልጅ ጋር በግማሽ እስማማለሁ፤ ጉዳዩ የቀኑ ነው። ግን አንተ ስለሚሸሹት ነው የምታወራው። ቀኑን መሸሽ የማይችሉትም አሉ፤ ውስጥ ሆነው የሚሠሩት።

የካዛንቺስ_ልጅ

ትዕግስት፣ ይህን በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም። አመሰግናለሁ። ቲም ቼሪዎች ለስድስት ዓመት ተኩል "መቼ ነው?" ሲባሉ ዝም ማለታቸው ያናድደኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ቀኑ የራሳቸው ነበር።

ቅዱስ_ሚኒሶታ

ሁላችሁም ስለ ቀን ስታወሩ ማይንክራፍትን ዘለላችሁት። ከ300 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል። ከጂቲኤ 5 ይበልጣል። በ2009 ገና ሳያልቅ ነው መሸጥ የጀመረው። የሚያስታውሰው የመልቀቂያ ቀን የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ማንም አልሸሸም። ማይክሮሶፍት በ2014 ስቱዲዮውን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ ሌላ ጌም ያለ አይመስላትም። ታዲያ ይህ ብሎክባስተር ካልሆነ ቃሉ ምን ይሠራል? ስታርዱ ቫሊስ? ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ ሰው ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ በ2016 አወጣው። ከ40 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ሸጧል።

ባለ_ፒሲ

እነዚህ ትልቅ ተወዳጅ ጌሞች ናቸው። ብሎክባስተር ግን አይደሉም። በዚህ ላይ ከካዛንቺስ ልጅ ጋር አንድ ነን፣ በሌላ መንገድ ቢሆንም። ማይንክራፍት እንደ ዋርካ ነው፤ ቀስ ብሎ አድጎ ሁሉም ከሥሩ ተቀመጠ።

ቅዱስ_ሚኒሶታ

አልተዋጠልኝም። በአንድ ሳምንት ጮኾ የሚጠፋውን ትልቅ ብለን፣ አሥራ አምስት ዓመት የቆየውን በሌላ ስም መጥራት ፍትሕ አይመስለኝም። ብሎክባስተር የሚለው ቃል የሻጮች ቃል ነው። የተጫዋች ቃል ቢሆን ኖሮ ማይንክራፍት አንደኛ ይሆን ነበር።

ሚኪ_ሃያ_ሁለት

ለካዛንቺስ ልጅ አንድ ፈተና አለኝ። በ2023 ላሪያን፣ የቤልጂየሙ ስቱዲዮ፣ ባልደርስ ጌት 3ን ለኦገስት 31 ነበር ያሰበው። ስታርፊልድ የሚባለው የቤተስዳ ስቱዲዮ ትልቅ ጌም በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይወጣ ስለነበር እንዳይጨናነቅበት ወደ ኦገስት 3 አመጣው። ባንተ መለኪያ ሸሽቷል፣ ብሎክባስተሩም ስታርፊልድ ነው። ግን የዓመቱ ጌም ሽልማት ለማን ነው የሄደው? ለሸሸው! በ2025 ደግሞ ቤተስዳ ኦብሊቪየን የሚባለውን የድሮ ጌሙን አድሶ ኤፕሪል 22 ላይ ያለማስጠንቀቂያ ለቀቀ። ክሌር ኦብስኩር የሚባለው ጌም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 24፣ ሊወጣ ነበር። የሠራው ሞንፔልዬ ያለ የፈረንሳይ ስቱዲዮ ነው፤ ዋናው ቡድን 30 ሰው ገደማ። አልሸሸም፣ መሸሻ ጊዜም አልነበረውም። በሦስት ቀን አንድ ሚሊዮን ሸጠ። የዓመቱን ሽልማትም ወሰደ።

የካዛንቺስ_ልጅ

ፈተናው ከባድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። መልሴ ይህ ነው። መለኪያዬ የትኛው ጌም ይሻላል የሚለውን አይመልስም። ስታርፊልድ ሲወጣ ብሎክባስተር ነበር። ባልደርስ ጌት ከወጣ በኋላ ነው ትልቅ የሆነው፤ ሰው ለሰው እየነገረ። ክሌር ኦብስኩርም እንዲሁ። እንደ ጌም የምወደው ክሌር ኦብስኩርን ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ስጨርስ አልቅሻለሁ። ግን ከመውጣቱ በፊት ማንም ቀኑን አልቀየረለትም።

ቅዱስ ያለው ደግሞ አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ቃሉ የሻጮች ነው። የመጣው ከነሱ ነው። ምናልባት እኔና የአክስቴ ልጅ የተከራከርነው በሰው ቃል ነው።

ትንሹ_ጌመር

የአክስቱ ልጅ እኔ ነኝ። ሁሉንም አንብቤያለሁ። ስለ ሲልክሶንግ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሰላም ያለችው ትክክል ነው፤ እናቴም አታውቀውም። ግን ትዕግስት የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ከበፊቱ የበለጠ ወደድኩት። ብሎክባስተር አይደለም ስል መስደቤ አልነበረም። ማመስገኔ ነበር። ወንድሜ፣ ይህን ከመጀመሪያው ልነግርህ ይገባ ነበር።

ጌም ቤት አዳማን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጂቲኤ 6ንም አያስገቡትም?

ጌም_ቤት_አዳማ

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅከኝ። መጀመሪያ ለ2025 ነበር የተባለው። ከዚያ ሜይ 26 ቀን 2026 አሉ። ከዚያ ኖቬምበር 19 አሉ። በሁለቱም ጊዜ ዜናውን ያመጡልኝ አግዳሚው ላይ ያሉት ልጆች ናቸው፤ የኳሱ ልጆች። ከነሱ ግማሹ ጂቲኤ 5 ሲወጣ ገና ጡት አልጣሉም ነበር። ሲዛወር እንደ ራሳቸው ጉዳይ አዘኑ።

እኛ ጋ የመልቀቂያ ቀን የለም ብዬ ነበር። አሁን ግን ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስልተው ግድግዳዬ ላይ በቾክ ጽፈውታል። ኅዳር 10 ቀን 2019። ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ይቀድማል። ያለኝ ፕሌይስቴሽን 5 አንድ ነው፤ እስካሁን ለኳስ ነው። እሱን ጥግ ላይ ለብቻው አስቀምጬ በሰዓት ላደርገው ነው። ለዚያ ክፍል አዲስ ወንበር አሠርቻለሁ።